የፖርሴሊን አበባ ማስቀመጫ በእጅ አሠራር፦ ከጭቃው እስከ ውሃ ፍተሻው

ፖርሴሊንን ከሌላው ሸክላ የሚለየው ንጣቱ ብቻ አይደለም፤ ውሃ የሚይዝበትና የሚለቅበት መንገድም ይለያል። የተበላሹ የፖርሴሊን አበባ ማስቀመጫዎችን ሰብስባችሁ ምክንያቱን አንድ በአንድ ብትፈልጉ፣ መቀመጫው የተሰነጠቀውም፣ አንገቱ የተጣመመውም፣ እቶን ውስጥ የፈነዳውም በአብዛኛው ያለቦታው ከቀረ ወይም ያለጊዜው ከወጣ ውሃ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ከጣት ቅልጥፍና ይበልጥ ውሃን ስለመቆጣጠር ነው የምጽፈው። በመንኮራኩር ላይ ጭቃ መሃል ማስያዝና ተራ ሲሊንደር ማንሳት የሚችል ሰው ሊከተለው ይችላል። ገና ለጀመራችሁ ግን በሌላ ጭቃ እጃችሁን አፍታታችሁ ብትመለሱ ይሻላል፤ ፖርሴሊን ለተማሪ ጊዜ አይሰጥም።

ጭቃውን ማወቅ

ለትንሽ ስቱዲዮ ተዘጋጅቶና በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ጭቃ ይበቃል፤ እንዲያውም ከባዶ ከመቀመም ይሻላል። ቢሆንም ውስጡ ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል። የቆየው መነሻ ቀመር ግማሽ ካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር)፣ ሩብ ፌልድስፓርና ሩብ ኳርትዝ (ሁለቱም የተፈጩ የድንጋይ ማዕድናት) ነው። ካኦሊን ንጣቱንና ቅርጽ የመያዝ ዐቅሙን ያመጣል። ፌልድስፓር እቶን ውስጥ ይቀልጥና ሌላውን ያያይዛል። ኳርትዝ ደግሞ ግድግዳው በከፍተኛ ሙቀት እንዳይወድቅ ያግዛል። ቻይናውያን ይህን ጥበብ ከሺህ ዓመት በላይ ሲሠሩበት የኖሩ ሲሆን፣ በአውሮፓ የመጀመሪያው የጠንካራ ፖርሴሊን ፋብሪካ በጀርመን ማይሰን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1710 ነው። ትክክለኛውን አፈርና በቂውን ሙቀት አንድ ላይ ማግኘት ያን ያህል ከባድ ነበር።

የካኦሊን ቅንጣቶች ከተራ ሸክላ አፈር ቅንጣቶች ይተልቃሉ። በዚህም ምክንያት ጭቃው እንደ ልብ አይለጠጥም፣ ውሃ ሲበዛበትም ቶሎ ይደክማል። ይህን ካላወቃችሁ ስህተቱ የእጃችሁ ይመስላችኋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ጭቃው በስንት ዲግሪ እንደሚቃጠል ጠይቁ። አንዳንዱ ከ1,220 እስከ 1,240 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃዋል፤ ሌላው 1,280 ወይም 1,300 ይፈልጋል። እቶናችሁና ግሌዛችሁ (የዕቃው መስታወት መሳይ ሽፋን) ከዚያ ጋር መግጠም አለባቸው።

ቀጥሎ መኮማተሩን ለኩ። ከጭቃው ቀጭን ዘንግ ሠርታችሁ በላዩ በትክክል 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስመር በመርፌ ጫሩ፤ አድርቃችሁ እስከ መጨረሻው አቃጥሉትና መስመሩን እንደገና ለኩ። 8.7 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጭቃው 13 በመቶ ተኮማትሯል ማለት ነው። በዚህ ስሌት 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ማስቀመጫ የሚፈልግ ሰው 20ን ለ0.87 አካፍሎ 23 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ይሠራል። የአፉ ስፋትም በዚሁ ይሰላል። ብዙ ሰው ቁመቱን አስቦ አፉን ይረሳል፤ ከዚያም አምስት ዘንግ አበባ ይይዛል ያለው ማስቀመጫ ሁለት ብቻ ያስገባል።

ንጽሕናና ብናኝ

ቀይ ሸክላ በነካ ጠረጴዛ ላይ ፖርሴሊን አትሥሩ። በውስጡ የቀረች የብረት ብናኝ ከቃጠሎ በኋላ ጥቁር ወይም ቡናማ ነጥብ ሆና ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ የሚያስለቅቃት ነገር የለም። ባልዲው፣ ስፖንጁ፣ ፎጣው፣ ሽርጡም ሳይቀር ለብቻው ይሁን። መሣሪያው የማይዝግ ብረት ወይም እንጨት ቢሆን ይመረጣል።

ደረቅ የፖርሴሊን ብናኝ ሲሊካ አለው። ለረጅም ጊዜ ከተነፈሱት ሳንባን ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይድንም። ወለሉን በመጥረጊያ አትጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ዱቄት ስትመዝኑ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ አድርጉ። ደረቅ ዕቃ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግን ጨርሶ ተዉት። በዚህ ነገር መደራደር የለም።

ማሸት

አንድ ከ20 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ማስቀመጫ ለመሥራት ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ጭቃ ያስፈልጋል። ንጹሕ ጄሶ ወይም በሸራ የተሸፈነ ጣውላ ላይ አድርጋችሁ፣ አንድ ወጥ እስኪሆንና አየር እስኪያልቅበት ድረስ እሹት። በሽቦ ለሁለት ቁረጡትና የተቆረጠውን ፊት እዩ፤ ቀዳዳ ወይም ጠንከር ያለ እብጠት ካለው ቀጥሉ። ጄሶው ላይ ብዙ አታቆዩት፤ ጄሶ ውሃ ስለሚመጥ የጭቃው ገጽ ከውስጡ በፊት ይጠነክራል። የጄሶ ስባሪም ጭቃው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ከቃጠሎ በኋላ እርጥበት ስቦ ያብጥና ላዩን ይፈነቅለዋል።

ፖርሴሊን ከሌላው ጭቃ ትንሽ ለስለስ ብሎ መጀመር አለበት። በደረቁ ጀምሮ በመንኮራኩሩ ላይ ውሃ እየጨመሩ ማለስለስ አያዋጣም፤ ላዩ ይዘፈቃል እንጂ ውስጡ አይለሰልስም።

መሃል ማስያዝና መቀመጫውን መጫን

ጭቃውን ተነቃይ ጣውላ ላይ አድርጋችሁ መሃል አስይዙ። በኋላ በእጅ ማንሳት የለባችሁምና ጣውላው የግድ ነው። ስትከፍቱት መቀመጫው ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይቅር፤ በመርፌ ወግታችሁ አረጋግጡ። ከዚያ በጣታችሁ ወይም በእንጨት ማለስለሻ ከዳር ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ዳር ደጋግማችሁ ጫኑት። ግድግዳው ሲነሳ በእጅ ስለሚጨመቅ ጠንከር ይላል፤ መቀመጫው ግን ካልተጫነ ልል ሆኖ ይቀራል። ሲደርቅና ሲቃጠል ታዲያ መሃሉ ላይ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ስንጥቅ ያወጣል። ይህ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ያናድዳል፤ መከላከያው ግን አሁን የምታጠፉት አንድ ደቂቃ ነው። የተጠራቀመውንም ውሃ በስፖንጅ አውጡ።

ግድግዳውን ማንሳት

መጀመሪያ ቀጥ ያለ ሲሊንደር ይሁን፤ ሆድ ለማውጣት አትቸኩሉ። በሦስት ወይም በአራት ማንሳት ቁመቱን ጨርሱ። ጭቃው በእያንዳንዱ ማንሳት ውሃ ስለሚጠጣ፣ በስድስተኛውና በሰባተኛው ላይ ጉልበት አይኖረውም። እጃችሁን የምታለሰልሱት በንጹሕ ውሃ ሳይሆን ከባልዲው ሥር በሚቀረው ቀጭን ጭቃ ይሁን፤ ያንሸራትታል፣ ግድግዳውን ግን እንደ ውሃ አያዝለውም።

የላይኛውን ሲሶ ወፈር አድርጋችሁ ተዉት፣ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ። አንገቱ የሚሠራው ከዚያ ነው። ከዚያ በታች ያለው 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ጥሩ ነው፤ በኋላ ተፍቆ ሲሳሳና በትክክል ሲቃጠል ብርሃን ያሳልፋል።

ሆድና አንገት

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚሁ ነው።

መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ውሃ በሙሉ አውጡ። አንገቱ ከጠበበ በኋላ እጃችሁ አይገባም፤ ከቀጭን እንጨት ጫፍ የታሰረ ስፖንጅም ሥራው ሲከብድ ሁሉንም አያወጣም። ሆዱን ከውስጥ በመግፋት አውጡ፤ በውጭ በኩል ያለው እጅ ወይም ማለስለሻ ይደግፍ እንጂ አይጫን። የማለስለሻው ጠፍጣፋ ጎን በላዩ የቀረውን ቀጭን ጭቃ እየጠረገ ስለሚሄድ ግድግዳው ሳይዝል ይሰፋል። የሆዱ ሰፊ ቦታ ከቁመቱ ግማሽ በላይ ሲሆን ማስቀመጫው ቀልጠፍ ያለ ይመስላል፤ ወደ ታች ሲወርድ ግን በአበባ ተሞልቶም ይረጋል። እኔ ረጃጅም ዘንግ ለሚይዝ ማስቀመጫ ወደ ታች የወረደውን እመርጣለሁ።

አሁን አንገቱን አጥብቡ። ሁለት አውራ ጣቶች ከፊት፣ ሁለት መሃል ጣቶች ከኋላ፣ የታጠፉት ሌባ ጣቶች ከጎን ሆነው አንገቱን በስድስት ነጥብ ይክበቡት። መንኮራኩሩን ፈጠን አድርጉት። እጃችሁ ከትከሻው ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ ቀስ በቀስ ይጥበብ። በአንድ ጊዜ ብዙ ለማጥበብ አትሞክሩ። መጀመሪያ የሚመጣው ምልክት ከጣታችሁ ሥር ሰያፍ መስመር መታየቱ ነው፤ ግድግዳው መጠምዘዝ ጀምሯል ማለት ነው። ያን ጊዜ እጃችሁን በቀስታ ልቀቁ፣ አንድ ጣት ከውስጥ አንድ ከውጭ አድርጋችሁ አንገቱን በስሱ አንሱትና መስመሩን አጥፉት። ማጥበብ ግድግዳውን ያወፍረዋል፤ ስለዚህ አንዴ ካጠበባችሁ አንዴ አንሱ፣ እንደገና አጥብቡ። ጣት የማይገባበት ደረጃ ሲደርስ ከውስጥ ለስላሳ ክብ እንጨት ይተካ።

ከንፈሩን በመጨረሻ በእርጥብ ለስላሳ ቆዳ ወይም በላስቲክ ቁራጭ ጫኑና አለስልሱ። ያልተጫነ ከንፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ፖርሴሊን የተደረገበትን አይረሳም። አፉ በስህተት ተነክቶ ሞላላ ቢሆንና መልሳችሁ ክብ ብታደርጉት፣ ዛሬ ክብ ይመስላል፤ ግሌዝ ከተቀባ በኋላ በሚደረገው በሁለተኛው ቃጠሎ ግን ወደ ሞላላነቱ ይመለሳል። ስለዚህ ከመንኮራኩሩ ስታወርዱ ዕቃውን ሳይሆን ጣውላውን ያዙ። ከሥሩ በሽቦ ቁረጡ፣ ጠንከር እስኪል ግን ከጣውላው አታንሱት።

ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ማስቀመጫ በአንድ ጊዜ ማንሳት ከጉልበት በላይ ሊሆን ይችላል። የቻይናዋ ጂንግደጄን ሠሪዎች ትልልቆቹን በክፍል በክፍል ሠርተው ያጋጥሟቸዋል፤ ለእናንተም የሚያዋጣው ይኸው ነው። የሁለቱን ክፍሎች አፍ ካሊፐር በተባለው ባለሁለት እግር መለኪያ ለክታችሁ እኩል አድርጉ፣ ሁለቱም እኩል እርጥበት ላይ ሲደርሱ መገናኛቸውን በመርፌ ጫሩ፣ ጥቂት ኮምጣጤ በገባበት ቀጭን ጭቃ አያይዙ። አንዱ ከሌላው ይበልጥ ከደረቀ መገናኛው ይከፈታል።

መፋቅና ማድረቅ

ጣት ሲጫነው የማይገባ፣ ጥፍር ሲጭረው ግን በንጹሕ የሚላጥ ሲሆን ለመፋቅ ደርሷል። ጠባብ አንገት ያለውን ዕቃ በአፉ መድፋት አይቻልም፤ ከጭቃ ሰፊ ቀለበት ሠርታችሁ በመንኮራኩሩ ላይ አስቀምጡ፣ አንገቱ በቀዳዳው ገብቶ ትከሻው በቀለበቱ ላይ ይረፍ። በሹል መፋቂያ የታችኛውን ግድግዳ አሳሱ፣ መቀመጫውንም ከውስጥ ፋቁና ዙሪያውን ቀለበት አስቀሩ። በጣታችሁ መታ መታ እያደረጋችሁ ስሙ፤ ወፍራም ቦታ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፣ ሲሳሳ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። የፍቅፋቂው ጥብጣብ ዱቄት መሆን ከጀመረ ዘግይታችኋል፤ ከአፍንጫችሁም አርቁት።

ማድረቁ ከፖርሴሊን ሥራ ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው። የሚሠራበት ጭቃ ከክብደቱ ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ ያህል ውሃ ነው። ውሃው ሲወጣ ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፣ ዕቃውም ይኮማተራል። አንዱ ጎን ቀድሞ ከደረቀ ያንኑ ጎን ያሳጥረዋል፤ ማስቀመጫው ወደዚያ ያዘነብላል ወይም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከመስኮት፣ ከነፋስና ከፀሐይ አርቃችሁ በላስቲክ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ከንፈሩ ስስ ስለሆነ ቀድሞ ይደርቃል፤ ሌላው ሲገለጥ እሱ ጠበብ ባለ የላስቲክ ቁራጭ እንደተሸፈነ ይቆይ። በየቀኑ ሩብ ዙር አዙሩት። ከላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚጠራቀመውን የውሃ ጠብታ ጥረጉ፣ ከንፈሩ ላይ ከተንጠባጠበ ያቀልጠዋል። ዕቃውን በጋዜጣ ወይም በወንፊት መሳይ ነገር ላይ አስቀምጡት፤ መቀመጫው እየተኮማተረ እንደ ልቡ ይንሸራተት፣ ከሥሩም አየር ያግኝ።

አንድ ሳምንት የተለመደ ነው፤ ለወፍራም መቀመጫ ከዚያም ይበልጣል። ደርቋል ለማለት ጉንጫችሁን አስነኩት። ከቀዘቀዛችሁ ውስጡ ገና ውሃ እየተነነ ነው።

የመጀመሪያው ቃጠሎ

ደረቅ የሚመስለው ዕቃም ውሃ አያጣም። እቶኑን ከ80 እስከ 90 ዲግሪ አድርሳችሁ ለጥቂት ሰዓታት አቆዩ፤ ውሃው ሳይፈላ ይውጣ። ፈልቶ እንፋሎት ከሆነ ግድግዳውን ይበታትነዋል። ከዚያ እስከ 600 ዲግሪ በሰዓት ከ100 ዲግሪ አይብለጥ። በዚህ መሃል፣ ከ450 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ፣ ከካኦሊኑ ጋር በኬሚካል የተያያዘው ውሃ ይለቃል፤ እሱ ብቻ የንጹሕ ካኦሊንን ክብደት 14 በመቶ ያህላል። በ573 ዲግሪ ደግሞ ኳርትዝ በድንገት መጠኑን ይለውጣል፤ በመውጣትም በመውረድም ያንን ድንበር በዝግታ ማለፍ ያስፈልጋል። ከ600 በኋላ ፈጠን ብላችሁ 1,000 ዲግሪ ላይ አቁሙ። ከዚያ በላይ ከወጣችሁ ግሌዝ የሚመጥበት ቀዳዳ ይቀንሳል።

ግሌዝ

ግሌዝ እቶን ውስጥ ቀልጦ መስታወት የሚሆነው ሽፋን ነው። ከጭቃችሁ ሙቀት ጋር የሚገጥም ይሁን። ከመቀባታችሁ በፊት ዕቃውን በእርጥብ ስፖንጅ ከብናኝ አጽዱና እስኪደርቅ ጠብቁ። የግሌዙን ውፍረት በሚዛን እዩ፤ 100 ሚሊ ሊትሩ ከ140 እስከ 145 ግራም ቢመዝን ለመንከር ጥሩ መነሻ ነው።

ውስጡን አስቀድሙ። በጆግ ሞልታችሁ እያሽከረከራችሁ ወዲያው አፍስሱ። ስስ የሆነው ግድግዳ የግሌዙን ውሃ ይጠጣና ይሞላል፤ በዚያው ሰዓት ውጩን ብትነክሩት አይዝም ወይም ይንሸራተታል። ስለዚህ ውጩን የምትነክሩት በሚቀጥለው ቀን ይሁን፣ ለ3 ሰከንድ ያህል። ውስጡን ብቻ ቀብቶ ውጩን ባዶ መተው የሚያምር ቢሆንም፣ ስስ ማስቀመጫ ላይ ግሌዙ ከጭቃው ያነሰ ከተኮማተረ ግድግዳውን ከውስጥ ገፍቶ ሊሰነጥቀው ስለሚችል መጀመሪያ በትንሽ ዕቃ ሞክሩት።

ሥዕል የሚፈልግ ሰው ከግሌዙ በፊት በኮባልት ይሣል። ኮባልት 1,300 ዲግሪን ተቋቁሞ ሰማያዊነቱን ስለሚጠብቅ ነው ሰማያዊና ነጭ ፖርሴሊን ይህን ያህል የተለመደው።

መቀመጫው ላይ ያለውን ግሌዝ ከቀለበቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ እስከሚል በደንብ ጥረጉ።

ሁለተኛው ቃጠሎ

ፖርሴሊን በመጨረሻው ሙቀት ይለሰልሳል። መደርደሪያው ካልተስተካከለ ማስቀመጫው የመደርደሪያውን ጉብጠት ይወርሳል፣ ያለ ግሌዝም ቢሆን ከመደርደሪያው ጋር ሊጣበቅ ይችላል። እኩል ክብደት ያለው አሉሚና ሃይድሬትና ካኦሊን በውሃ በጥብጣችሁ መደርደሪያውን ቀቡት። ጠባብ አንገት ያለው ቅርጽ ከሰፊ ሳህን ይልቅ ራሱን ይደግፋል፤ ይህ አበባ ማስቀመጫ የሚሠራ ሰው ዕድል ነው። እቶኑ የሚያሳየውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ሙቀትና ጊዜ አንድ ላይ ሲሠሩበት የሚጎብጠውን፣ ኮን የተባለውን ትንሽ የሸክላ ሾጣጣ ከዕቃው አጠገብ አስቀምጡ። ሲያልቅ ከ100 ዲግሪ በታች እስኪወርድ እቶኑን አትክፈቱ።

የውሃ ፍተሻ

ያልተቀባውን ቀለበት በውሃ በረጠበ ሲሊከን ካርባይድ ወረቀት አለስልሱ፤ ያለዚያ ጠረጴዛ ይጭራል። ከዚያ ማስቀመጫውን እስከ አንገቱ ውሃ ሞልታችሁ ደረቅ ጋዜጣ ላይ ለ24 ሰዓት ተዉት።

ወረቀቱ ከረጠበ ምክንያቱን ለዩ። ስንጥቅ ካለ በውስጡ ቀለም ያለው ውሃ ስታደርጉ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል፤ እንዲህ ያለውን ደግማችሁ አታቃጥሉ፣ ስንጥቁ ይበልጥ ይከፈታል። ለደረቅ አበባ ይሁን። ስንጥቅ ከሌለ ግን ጭቃው በሚገባ አልበሰለም። ከዚያው ጭቃ የተሠራና ያልተቀባ ስባሪ ከማስቀመጫው ጋር አብራችሁ አቃጥላችሁ ከሆነ አሁን ይጠቅማችኋል፦ በደረቁ መዝኑት፣ ለጥቂት ሰዓታት ቀቅሉት፣ ላዩን ጠርጋችሁ እንደገና መዝኑት። ክብደቱ ከ0.5 በመቶ በላይ ከጨመረ ሙቀቱ አንሷል፤ ቀጣዩን ቃጠሎ አንድ ኮን (በኮኖቹ የሙቀት ተራ አንድ ደረጃ) ከፍ አድርጉ፣ ያንኑም ማስቀመጫ አድርቃችሁ ከሌሎቹ ጋር መልሱት።